የፍየሉ ቆዳ፣ የብራዚሉ ባሕር ዛፍ እና የኪሳችን ቀፎ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በተደረገ አንድ የንባብ ወዳጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ የተስተካከለ።)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ወንበር አልቆባችሁ ከፊት ወለሉ ላይ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ መጥታችሁ ይህን አዳራሽ ስለሞላችሁት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የመድረክ መሪያችን ሲያስተዋውቀኝ «የአካባቢ ጥበቃ ምሁር» አለኝ። ልጄ፣ ስላከበርኸኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ምሁር አይደለሁም። አታሚ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ከተማ ነጭ ወረቀት ስገዛና ሳጠቁር የኖርሁ ሰው ነኝ። የግጥም መድበል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ ያላተምሁት የለም። የግብዣው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ርዕሱን አየሁት፤ «የወረቀት ኅትመትና የዲጂታል ኅትመት፦ ተፈጥሮን የበለጠ የሚጎዳው የትኛው ነው?» ይላል። እንግዲህ ፍረድ መባሌ ነው። ዳኛ ተብሎ የተጠራው ሰው ራሱ አንደኛ ተከሳሽ መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ከቦርሳዬ ሁለት ነገር አወጣለሁ። ይህ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ በካኪ ወረቀት ተለብጧል፤ ጠርዙ ከመነካካት ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። ይህ ደግሞ ስልክ ነው። ባትሪው አብጦ ጀርባውን እንደ ቦካ ሊጥ አንሥቶታል፤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለቱም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ በመጨረሻ እመለስባቸዋለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ወረቀቱ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ስልኩ ከየት ይመጣል? ሦስተኛ፣ ሁለቱም በስንት ሰው እጅ ያልፋሉ? ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ ሰዓት ካለቀ ኮቴን ጎትቱኝ፤ የመጣሁት ለእርሱ ነውና።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ፍየል ላውራ።

አጎቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ቤታቸው ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም። ልጅ ሳለሁ ክረምቱን እርሳቸው ዘንድ እሰደድ ነበር። የፍየሉ ቆዳ መጀመሪያ ቀናት ሙሉ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሽታውን ልግለጸው ብል ምሳ አትበሉም፤ ልተወው። ከዚያ ዳር ዳሩ እየተበሳ በጠፍር ከአራት ማዕዘን እንጨት ጋር ይወጠራል። የእኔ ሥራ ጠፍሩን ጨብጦ መያዝ ነበር። አጎቴ በጣታቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉታል፤ እንደ ከበሮ ሲመልስላቸው «በቃ፣ እሰር» ይላሉ። ከዚያ መፋቅ ነው። ሥጋ የነካውን ፊት በስለት ይፍቃሉ፣ ጠጉሩን ይልጣሉ፣ በሻካራ ድንጋይ ያሻሉ። ነጩ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ያርፍና ማታ ሲገቡ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ።

አንድ ቀን እኔም ልፍቅ ብዬ ለመንኋቸው። ሰጡኝ። ሦስቴ ሳብ እንዳደረግሁት ስለቱ ቆዳውን ሰንጥቆ ወጣ። መሐል ለመሐል! ጅራፍ ጠበቅሁ። አጎቴ ግን ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩት፣ በጣታቸው ለኩት፣ ከዚያ በጅማት ዳርና ዳሩን ሰፉት። ሙሉ በሙሉ አልገጠመም፤ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ቀረች። በኋላ ሲጽፉበት ቀዳዳዋ ጋ ሲደርሱ ቃሉን ከፈል አደረጉና ተሻግረው ቀጠሉ። «እንጥለው» እንኳ አላሉም። ስንጥቅ ያለበትን ብራና መጣል በእርሳቸው ሐሳብ ውስጥ የለም። በጣና ገዳማት ወይም በየደብራችን ዕቃ ቤት የብራና መጽሐፍ ለማየት የታደላችሁ ሰዎች ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ የተሰፋ ገጽ፣ በቀዳዳ ዙሪያ የተጻፈ ገጽ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ ስንት ፍየል ይፈጃል?» አልኋቸው። «ሃምሳም ስድሳም፤ እንደ መጽሐፉ ነው» አሉኝ። ሃምሳ ፍየል! ዛሬ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ቢሰማ ይደነግጣል። ፍየሉ ሣር በልቷል፣ ቁጥቋጦ ግጧል፣ ውኃ ጠጥቷል። እርግጥ ሥጋው ለሰው ሆኗል፤ ቆዳው ትርፍ ነው። የካርቦን ሒሳብ፣ ማለትም ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ ሒሳብ፣ የሚሠሩ ሰዎችም እንዲህ ያለው ነገር ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ ከፍየሉ ዕዳ ስንቱ ለሥጋው፣ ስንቱ ለቆዳው ይጻፍ እያሉ። እኛ ግን ሌላውን ሒሳብ እንሥራ። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ ወንጌል አለ። ስድስት መቶ ዓመት ሆነው። ሃምሳውን ፍየል ለስድስት መቶ ዓመት ብታካፍሉት ለአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ፍየል ነው! በስድስት መቶ ዓመት ያነበቡት ዓይኖች ደግሞ ስንት ናቸው? ይህን ማካፈል ያዙልኝ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ማካፈል የወጣ ነው።

እግረ መንገዴን፣ የጥንት ግብፃውያን ወረቀት የሠሩበት ተክል ጣና ዳር የሚበቅለው የእኛው ደንገል ነው። ግብፃውያን ጻፉበት፣ እኛ ታንኳ ሠራንበት። መነኮሳቱም የፍየል ቆዳ መጽሐፋቸውን በደንገል ታንኳ እያሻገሩ ኖሩ። የሚገርም ነገር አይደለም?

ከሁሉም የቀለለው ኅትመት ግን የማን ነው? የዋሸራና የጎንጅ ነው! የቆሎ ተማሪው ቅኔውን በጭንቅላቱ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ ማኅሌት ላይ ይቀኘዋል፤ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ባትሪ የለ። ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ይቆጠራል። አባታችን ፈገግ አሉ፤ እርሳቸው ያውቁታል። ስለ ካርቦን ሽልማት የሚሰጥ ካለ መጀመሪያ ለቅኔ ቤት ይስጥልን።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ወረቀቱ ከየት ይመጣል?

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ «ወረቀት በመቆጠብ ደናችንን እናድን» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የጓሮ ባሕር ዛፉን ለወረቀት ፋብሪካ የሸጠ ሰው አለ? እጁን ያውጣ። የለም! የእኛ ባሕር ዛፍ ማገርና አጠና ይሆናል፣ የግንባታ መወጣጫ ይሆናል፣ ይነዳል። ዲከረንስ የሚባለው የፋግታ ለኮማ ግራርም ከሰል ሆኖ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ይገባል። በአገራችን ከሚቆረጠው እንጨት እጅግ የሚበዛው የሚያልቀው በምድጃ ውስጥ ነው። ወንጂ የወረቀት ፋብሪካ አለን፤ ሆኖም የምንጽፍበት ወረቀት ብዙው በጂቡቲ በኩል የሚገባ የውጭ ወረቀት ነው። ስለዚህ የጮቄ ተራራን ደን ወረቀት ጨረሰው ብሎ መክሰስ የሐሰት ምስክርነት ነው። ጮቄን ያራቆተው ማረሻችንና ምድጃችን ነው፤ ይህን በድፍረት እንናገር።

ታዲያ ወረቀት ነጻ ወጣ? አይደለም። ኃጢአቱ ሩቅ አገር ነው እንጂ አለ። ብራዚል ከባሕር ዛፍ የሚሠራ የወረቀት ጥሬ ዕቃ ለዓለም በመሸጥ የምትታወቅ አገር ናት። አያቶቻችን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተከሉት ያው የአውስትራሊያ ዛፍ እዚያ ወረቀት ይሆናል፣ እዚህ ማገር ይሆናል። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ከአንድ የግራር ዓይነት ታመርታለች፤ የዲከረንስ የአክስት ልጅ በሉት። ችግሩ ዛፉ አይደለም። ችግሩ ለዛፉ ቦታ ሲባል በሱማትራ ደሴት የጥንት ደን ተመነጠረ፤ ከሥሩ ያለው፣ ለሺሕ ዓመታት ብስባሽ የተከማቸበት ረግረግ ውኃው ተንጠፍጥፎ ደረቀ። የደረቀ ረግረግ እሳት ይይዛል፤ እሳቱ ደግሞ ከመሬት በታች ሳምንታት ይጓዛል። ከዚያ የሚወጣው ጭስ ጎረቤት አገሮችን ሁሉ ያፍናል።

ፋብሪካው ውስጥም ሌላ ነገር አለ። ለጽሕፈት የሚሆን ወረቀት ሲሠራ ከእንጨቱ ወረቀት የሚሆነው ግማሹ ገደማ ነው፤ የቀረውን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ አንድዶ ኃይል ያወጣበታል። ለማንጻት ድሮ ክሎሪን በቀጥታ ይጠቀሙ ነበር፤ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ወደ ወንዝ ይገባ ነበር። ከ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆች) ወዲህ ብዙው ፋብሪካ ያንን ትቷል። ነጭ ወረቀት የምንወድ ሰዎች ግን ነጭነቱ በነጻ እንዳልመጣ እናስብ።

ቁጥር ለምትወዱ ቁጥር ልስጣችሁ፤ ይህ የዕለት ሥራዬ ነው። ባለ 80 ግራሙ የተለመደው ኤ4 ወረቀት አንዱ 5 ግራም ይመዝናል። 500 ቅጠል ያለው ሪም 2 ኪሎ ተኩል ነው። አንድ ኪሎ ወረቀት ለማምረት፣ እንደ ፋብሪካው የኃይል ምንጭ ቢለያይም፣ በግምት አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል በሉ። መጓጓዣውና ማተሙ ሲጨመርበት ከዚያ ያልፋል።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። አንድ ገጣሚ መጣ። ወጣት ነው፣ ግጥሙ መጥፎ አይደለም። «አንድ ሺሕ ቅጂ» አለኝ። «ሦስት መቶ ይበቃሃል» ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ለምን? በኦፍሴት ማሽን ፕሌቱ፣ ማለትም የገጹ ማተሚያ ሰሌዳ፣ ከተሠራ በኋላ ሦስት መቶም አተምህ ሺሕም አተምህ የመነሻው ወጪ ያው ነው፤ ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይረክሳል። ገጣሚውም ደስ ይለዋል፣ እኔም አተርፋለሁ። መጽሐፉ 120 ገጽ ነው፤ ለሺሑ 60 ሪም ሄደ፤ 150 ኪሎ ወረቀት። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ፣ ቡና ተጠጣ። የተሸጠው 210 ቅጂ ነው። የቀረው አልጋ ሥር ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያ ቆሎ ገዛሁና ጥቅልሉን ስፈታው የእኔ ኅትመት! ገጽ 47። ባለቤቱ በኪሎ ሸጦት ነው። ቆሎውን በላሁት፤ ግን አልጣፈጠኝም።

ሒሳቡን ተመልከቱ። እያንዳንዱ የተሸጠ ቅጂ ወደ አምስት የሚጠጋ ቅጂ ወረቀት ተሸክሟል። ስለ ዛፍ ስናወራ ስለ ያልተነበበ መጽሐፍ ለምን አናወራም? በማተሚያ ቤት ደግሞ ከዚህ ሌላ ብዙ አለ፤ ማሽኑ ቀለሙን እስኪያስተካክል የሚበላሸው ወረቀት፣ የጠርዝ ቁርጥራጩ፣ ሮለር የምናጥብበት ነዳጅ፣ መብራት ሲሄድ የሚያጓራው የናፍጣ ጄኔሬተር። ሮለር ያጠብሁበትን ለብዙ ዓመት ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቦይ ስደፋ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴንም አልጠየቅሁም። ቁርጥራጩን ግን ሴቶች መጥተው ለማቀጣጠያ ይወስዱት ነበር፤ ወረቀት ቢያንስ መጨረሻው ያምራል። ቆሎ ይጠቀለልበታል፣ እሳት ይቀጣጠልበታል፣ እንደገና ተፈጭቶ አምስትም ስድስትም ጊዜ ወረቀት ሊሆን ይችላል፣ ቢጣልም ይበሰብሳል።

ሁለተኛው ነጥብ፤ ስልኩ።

በአማርኛችን የሞባይሉን አካል «ቀፎ» አልነው። ጎጃም ቀፎ ምን እንደሆነ ያውቃል። የንቡን ቀፎ ከሐረግና ከጭቃ ትሠራዋለህ፤ ሲያረጅ ይነዳል። ይኸኛው ቀፎስ? ባትሪው ውስጥ ሊቲየምና ብዙ ጊዜ ኮባልት አለ። ከዓለም ኮባልት ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ የሚወጣው ከኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ነው፤ ከፊሉን የሚቆፍሩት በዶማ፣ በባዶ እጅ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ትልልቆቹ አምራቾች ራሳቸው በሚያወጡት ሪፖርት አንድ ዘመናዊ ስልክ በዕድሜው ሙሉ ከ50 እስከ 80 ኪሎ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛ ገደማው የሚወጣው ስልኩ ገና ሲመረት ነው። ሰማችሁ? ሣጥኑን ሳትከፍቱት ዕዳው ተከፍሏል። አብዛኛው የሚመረተውም የድንጋይ ከሰል በሚያነዱ አገሮች ነው።

እኛ ግን የምንፈራው ቻርጁን ነው! «ስልኩን ንቀይው፣ መብራት ይበላል» ይባላል በየቤቱ። እስቲ እናንሳው። አንድ ሙሉ ቻርጅ 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3 ሺሕ 500 ዋት ገደማ ይስባል። እናቶቼ፣ አንድ ሰዓት እንጀራ የጋገራችሁበት መብራት አንድ ስልክ በየቀኑ ከግማሽ ዓመት በላይ ይሞላል! ያውም የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ከጣና በሚወርድ ውኃ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ይሰጣል፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5 ሺሕ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከአሜሪካ አንባቢ ይልቅ የማርቆስ አንባቢ ስልኩን ንጹሕ በሆነ ኃይል ይሞላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርሁ አላርፍም። ያ ውኃ ከየት ይመጣል? ከጮቄም ነው። ክረምት ላይ አባይ ድልድይ ቆማችሁ ውኃውን አይታችሁታል? ቡና በወተት ይመስላል። ያ ቀለም የእኛ ማሳ ነው። ተዳፋቱ ላይ ዛፍ ባለመኖሩ ታጥቦ የሚወርድ አፈር ነው፤ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል። እንግዲህ «በዲጂታል ስለማነብ ከዛፍ ጋር ምን አለኝ?» የምትለው ወጣት፣ ስልክህ የሚሞላው ጮቄ ላይ ባለው ዛፍ ነው። ከወረቀት ይልቅ ስልክህ ለእኛ ዛፍ ይቀርባል። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ቁም ነገሬ ነው።

የምታነቡት ጽሑፍ ግን ስልካችሁ ውስጥ ብቻ አይኖርም። የሆነ አገር፣ ቀንና ሌሊት በሚንቀለቀል ኮምፒውተር የተሞላ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉት የመረጃ ማዕከላት እንደ ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም ኤሌክትሪክ 1.5 በመቶ ገደማ ተጠቅመዋል፤ በ2030 ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል ይላል። ጥፋቱ ግን የመጽሐፍ አይደለም። አንድ ሙሉ የልብ ወለድ መጽሐፍ ጽሑፉ ብቻ አንድ ሁለት ሜጋ ባይት ነው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ከዚያ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ አልጋ ላይ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ሲያንከባልል የሚያድር ሰው «እኔ ወረቀት አላባክንም» ቢለኝ አልሰማውም።

መጨረሻውስ? የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጣች፤ በሥርዓቱ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ? በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጣውን የማስተማሪያ ቴሌቪዥን? እኔ ፈተና ሳትምለት የነበረ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ ከዓመታት በኋላ መጋዘኑን ከፍተው አሳዩኝ። ስክሪኖቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል፤ የተቀጣ ተማሪ ይመስላሉ። አንዱ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጥላለች። ከጎናቸው በ1970ዎቹ የታተመ የታሪክ መጽሐፍ ቁልል ነበር፤ አቧራውን እፍ ብዬ አንዱን ገለጥሁት፤ ይነበባል።

ይህ የሞተ ስልክ ደግሞ፣ ወዴት ልጣለው? ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ሌሎች ሦስት ወንድሞች አሉት። ቆራሌው ሲመጣ አሳየሁት፤ «ጋሼ፣ ባትሪው ያበጠ አልወስድም፣ ይፈነዳል» አለኝ። ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ደንብ ወጥቷል፣ ሕጉ አለ፤ በዚህ ከተማ ግን ያበጠ ባትሪ የምሰጠው መስኮት አላገኘሁም። እዚህ ከማዘጋጃ ቤት የመጣችሁ ካላችሁ፣ አንድ በርሜል አስቀምጡልን። በርሜል ብቻ!

ሰዓቱ አለቀ? አሥር ደቂቃ? ጥሩ፤ ሦስተኛው ለአሥር ደቂቃ አይበዛም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ጎልማን እና ግሪጎሪ ኖሪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ይህንኑ ሒሳብ ሠርተው ነበር። መጽሐፍ ብቻ ማንበቢያ የሆነ መሣሪያ ወስደው፣ በነዳጅ፣ በውኃና በማዕድን በኩል ከ40 እስከ 50 የወረቀት መጽሐፍ፣ በአየር ንብረት በኩል ደግሞ 100 መጽሐፍ ያህል ዕዳ አለበት አሉ። መቶ መጽሐፍ ካነበብህበት መሣሪያው አሸነፈ፤ አሥር አንብበህ ከቀየርኸው ወረቀቱ አሸነፈ። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፣ ቁጥሩም ይለወጥ ይሆናል፤ ማካፈሉ ግን አጎቴ ዘንድ ያየነው ያው ማካፈል ነው። ሃምሳ ፍየል፣ ሲካፈል ለስድስት መቶ ዓመት።

ስልኩ ለማንኛውም ኪስህ ውስጥ ካለ፣ ለደውልም ለባንክም የገዛኸው ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የምታነበውን ነገር በእርሱ ብታነበው ወረቀቱ አይደርስበትም። እኔ አታሚው ነኝ የምለው! ጋዜጣ፣ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የሠርግ ጥሪ ሳይቀር በስልክ ይሂድ። እንጀራዬን እየቆረጥሁ ነው፤ ምን ላድርግ።

እኛ ግን ምን እያደረግን ነው? አንዱን በአንዱ አልተካንም፤ ሁለቱንም ደረብን። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለች መምህሩ 180 ገጽ ሞጁል በቴሌግራም ይልካል። ስልሳ ተማሪዎች በስልሳ ስልክ ያወርዱታል። ከዚያ ስልሳዎቹም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰለፋሉ። በአንድ ፊት ብቻ! 10 ሺሕ 800 ቅጠል፤ 54 ኪሎ ወረቀት። ፈተናው ሲያልቅ የመኝታ ክፍሉ ኮሪደር በወረቀት ይነጠፋል። «ለምን በሁለት ፊት አታትሙም?» ብላት «አባዬ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይጨቃጨቃል፣ ማሽኑ ወረቀት ይነክሳል ይላል» አለችኝ። እዚያው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥር ቅጂ ተቀምጦ ቢሆን ስልሳዎቹን ለስንት ዓመት ያስተምር ነበር?

አሁን ይህን መጽሐፍ ልክፈተው። ርዕሱን አልነግራችሁም፤ ጉዳዩ እርሱ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የገዛሁት ነው፣ ማተሚያ ቤቱን ከመክፈቴ በፊት። የውስጥ ሽፋኑ ላይ የተዋሰኝ ሰው ሁሉ ስሙን እንዲጽፍ አደርግ ነበር፤ መጀመሪያ ለጠባቂነት ነበር፣ ሰው መጽሐፍ ወስዶ አይመልስማ። ቦታው ሲያልቅ ባዶ ወረቀት ለጠፍሁበት። እሱም አለቀና ሁለተኛ ለጠፍሁ። ትናንት ማታ ቆጠርኋቸው፤ አርባ አንድ ስም ነው። ስድስቱ በሕይወት የሉም። አንዱ፣ እዚህ ያለ ሰው ስለሆነ ስሙን አልጠራውም፣ አሥራ አንድ ዓመት ካስቀመጠው በኋላ ነው ያመጣልኝ፤ መሐሉ ላይ የወጥ ጠብታ አለ። 68ኛው ገጽ ተቀዶ በክር ተሰፍቷል። ማን እንደሰፋው አላውቅም፤ የተቀደደ ወረቀት በክር ሲሰፋ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ወለሉ ላይ የተቀመጥሽው፣ ቀይ ሹራብ የለበስሽው፤ ነይ። ስትጽፊ አይቼሻለሁ፣ እኔ ስለፈልፍ ደብተርሽን አልዘጋሽም። ውሰጂው። ከ41ኛው ሥር ትንሽ ቦታ አለ፤ ስምሽንና የዛሬን ቀን ጻፊበት። እስክሪብቶው ይኸው፤ እስክሪብቶዬን ግን ትመልሺልኛለሽ።